ሞተሩ ቀድሞ ደርሷል፣ የዘገየው ሕጉ ነው

ሃይብሪድ መኪና የዘመናችን ግኝት ይመስለናል። ፈርዲናንድ ፖርሽ ግን ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቪክቶር ዎክ የአንድ ቡይክ ስካይላርክን ሞተር አውጥቶ በምትኩ የማዝዳን ሮታሪ ሞተር ገጠመ። ሮታሪ በፒስተን ፈንታ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር የሚሽከረከርበት፣ ትንሽና ቀላል ሞተር ነው፤ በተረፈው ቦታ 20 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ሞተር ገባ፣ ስምንት ባትሪዎችም ተጨመሩ። የነዳጅ ፍጆታው በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ብክለቱም በጊዜው መኪኖች ከሚለቁት 9 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። ሆኖም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1974 ከፈተሸው በኋላ ውድቅ አደረገው። ቶዮታም በዚያው አሥር ዓመት በጋዝ ተርባይን የሚሠራ ሃይብሪድ ሞክሯል፤ ሃይብሪዷ ፕሪየስ ለገበያ የቀረበችው ግን በ1997 ነው።

የያኔው ባትሪ ከባድ ነበር፣ ሮታሪም ነዳጅ ይበላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ገዥ ያላስገደደውን፣ ሕግ ያልጠየቀውን ነገር ማን ገንዘብ አፍስሶ ያሻሽላል? ፋብሪካዎች ወደ ኤሌክትሪክ በብርቱ የዞሩት ካሊፎርኒያ በ1990 ከጭስ ነፃ መኪና የመሸጥ ግዴታ ከጣለች በኋላ ነው።

ናይሮቢ፣ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሥራም ይህንኑ ይመሰክራል። ቤንዚን ውስጥ ያለ እርሳስ ጭስ የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያበላሻል፤ ስለዚህ እርሳሱ ሳይወጣ ንጹሕ መኪና ማስገባት ትርጉም አልነበረውም። ፕሮግራሙ በ2002 ከመንግሥታትና ከኩባንያዎች ጋር ዘመቻ ጀመረ፤ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2006 መግቢያ ላይ እርሳሱን አቆሙ፣ በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆነች። አዲስ ሞተር አልተፈለሰፈም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው።

አሁን ተራው ያገለገሉ መኪኖች ነው። ይኸው ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ከ2015 እስከ 2018 ወደ ውጭ ከተላኩት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች 80 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ሄደዋል። ጥብቅ ደንብ ድሃውን መኪና ያሳጣዋል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። ነገር ግን በርካሽ የተገዛ አሮጌ መኪና ቀሪውን ዋጋ በነዳጅ፣ በጥገናና በልጆች ሳንባ ያስከፍላል። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም፤ ኢትዮጵያም በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ክልከላው ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ ካልተከተለው ግን ሸክሙ በባለመኪናው ላይ ይወድቃል። መንግሥታት ደንብ ከማውጣት አልፈው ደንቡ የሚሠራበትን መሠረት ይዘርጉ።