አሮጌ መኪናን በቤት ደጃፍ መጠገን፦ ምኑን እንሥራ፣ ምኑን እንተው?

ሮቫ ዛይን ከሕንፃችን ሥር አንዲት የ2008 ሀዩንዳይ ጌትስ ቆማ ታድራለች። አባባ ለሌሊት ፈረቃ የሚሄዱባት፣ እኛ እህትና ወንድምም ለትምህርት የምንወጣባት እሷ ብቻ ናት። ቴስቷ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው አንድ ሙሳኽ ለጥገና የጠየቀን ገንዘብ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ግማሽ በላይ ሆነ። ዝርዝሩን ይዘን ተመለስንና ከአባባ ጋር አንድ በአንድ አየነው። አንዳንዱ ሥራ በቤት የሚቻል ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ፈጽሞ የማይነካ። ሁለቱን እንዴት እንደለየናቸው እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ቋንቋው

አባባ "ካንዴላ" ሲሉ እኛ "ፕላጊም" እንላለን። "ቺንጊያ" ሲሉ "ሬጹዓ" እንላለን። ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ ፍሪሲዮን ወደ አማርኛ የገቡት ከጣሊያንኛ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ዛሬም የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነው። ዕቃ ሻጩ የሚያውቀው የዕብራይስጡን ነው፤ አባባ የሚያውቁት የአማርኛውን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን በወረቀት ጻፍን። ያቺ ወረቀት ከብዙ መፍቻ በላይ ጠቅማናለች።

በቤት የሚሠራ

*የሞተር መብራት።* በእኛ መኪና ከመሪው በታች የኦቢዲ ሶኬት አለ። ርካሽ ማንበቢያ ሰክተን በስልክ ስናየው ፒ0301 አለን፤ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ኮዱ ሕመሙን እንጂ መነሻውን አይናገርም። ጥፋቱ ከካንዴላው፣ ከኤሌክትሪኩ ወይም ከነዳጁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳንገዛ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ካንዴላ አቀያየርን። ኮዱ ወደ ፒ0302 ዞረ፤ ጥፋተኛው ካንዴላው ነበር። አራቱንም ቀየርን። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሲመለስም መጀመሪያ በእጅ ይጠመዘዛል። በመፍቻ ከጀመራችሁ ጥርሱ ሊበላ ይችላል።

*ባትሪ።* አሽዶድ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ጨዋማው አየር ብረት ይበላል። የባትሪው ጫፎች ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይዘው አገኘናቸው። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ፖዘቲቩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመኪናው አካል ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው አካሉን ቢነካ ብልጭታ ይወጣል። ጫፎቹን በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበን አደረቅናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ይጠጋል። ሲሠራም ከ13 በታች ከሆነ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት አልተርኔተሩን አስመርምሩ።

*ዘይትና ፊልትሮ።* የዘይቱ ዓይነት በመኪናው መጽሐፍ ተጽፏል፤ በግምት አይገዛም። የተቃጠለው ዘይት መሬት ላይም ቱቦ ውስጥም አይደፋም፤ በዕቃ ተይዞ ዘይት ወደሚሰበሰብበት ይወሰዳል። ሥር ካርቶን ካላነጠፋችሁ ደግሞ ቫዓድ ባይቱ በርዎን ማንኳኳቱ አይቀርም።

ማሻሻያው

ትልቁ ማሻሻያ ርካሹ ሆነ። ቢጫ የሆነውን የፊት መብራት ፕላስቲክ በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገን በፖሊሽ ወለወልነው፤ አባባ በሌሊት መንገዱ በራላቸው። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተት ግን ሌላ ነው፤ ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። መኪናን ዝቅ ማድረግና አካሉን መለወጥም የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ፈቃድ ይጠይቃል።

የማይነካ

ፍሬን፣ መሪ፣ ኤርባግና የሞተሩ ቺንጊያ ለባለሙያ ናቸው። ዕድሜዋ ከ15 ዓመት ያለፈ መኪና ለቴስት ስትቀርብ ፈቃድ ካለው ሙሳኽ የፍሬን ማረጋገጫ ይዛ ነው፤ በዚህ ለመቆጠብ መሞከር የአባትን ሕይወት መቆጠብ አይደለም። ቺንጊያውም ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያኔ የሚቀረው ሞተር መቀየር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ፣ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር አትግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጠፍጣፋ መሬት ላይ አቁማችሁ፣ ጎማውን አግዳችሁ፣ በካቫሌቶ ደግፉ። ካቫሌቶ ከሌላችሁ ሥራው ይቅር።

በመጨረሻ ሙሳኹን የከፈልነው ለፍሬኑና ለቺንጊያው ብቻ ነው። ጌትሷ ቴስቷን አለፈች። አባባም ዓርብ ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው ዘይቱን ሲለኩ አሁን ይጠሩናል፤ ዱሮ ብቻቸውን ነበር የሚለኩት።