ስደተኛን የመቀበል ሸክም የማን ነው? ከመተማ እስከ ግሪክ



ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው፤ በኋላ በጸጥታ ችግር ተዘግተው ስደተኞቹ እንደገና ተዛወሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ዓ.ም፣ ትግራይ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ ኤርትራውያንን ለመቀበል ዳባት አጠገብ የአለምዋጭ ጣቢያ ተዘጋጅቶ ነበር። መተማን የመረጣት ካርታው ነው፤ አለምዋጭን ግን ሰዎች መክረው መረጡት። የኃላፊነት መጋራት ጥያቄ የሚነሳው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

አውሮፓም በዚሁ ጥያቄ ላይ ለዓመታት ተከራክራለች። «የደብሊን ደንብ» የሚባለው ሕግ በጥቅሉ ሲታይ፣ ጥገኝነት ጠያቂው መጀመሪያ የረገጠው አገር ጉዳዩን እንዲመለከት ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ጫናው ባሕር ዳር ባሉት በግሪክና በጣሊያን ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኅብረቱ አገሮች 160,000 ሰዎችን በሁለት ዓመት ለመከፋፈል ተስማሙ፤ የተዛወሩት ግን ወደ 35,000 ብቻ ናቸው። ሃንጋሪና ስሎቫኪያ ውሳኔውን በኅብረቱ ፍርድ ቤት ተቃውመው እ.ኤ.አ. በ2017 ተረቱ፤ ቢረቱም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው አዲስ ስምምነት ለዚህ ነው ምርጫ የሰጠው፦ ወይ ሰው መቀበል፣ ወይ ባልተቀበሉት በእያንዳንዱ ሰው 20,000 ዩሮ መክፈል፣ ወይም በባለሙያና በቁሳቁስ መርዳት።

በምህንድስና ትምህርት እንደምናውቀው፣ ጭነት ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ካረፈ ጥፋቱ የምሰሶው አይደለም፤ የንድፉ ነው። ገንዘብ ጭነቱን ያቀልላል፤ ነገር ግን የውኃ ጉድጓዱ፣ ጤና ጣቢያውና የማገዶ እንጨቱ የሚገኙት እዚያው ወረዳው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነትም መጋራትን ቢያበረታታ አስገዳጅ አይደለም።

እኛ ከዚህ የቀደመ ምሳሌ አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሙሃጂሮችን ከአንሷሮች ጋር አንድ በአንድ አወንድመዋል። ሸክሙ ለአንድ ሰፈር አልተተወም፤ በየቤቱ ተከፋፈለ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ከሀብቱ ግማሹን ሊሰጠው ሲል ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ስደተኛ እንዲሠራ ሲፈቀድለት ሸክምነቱ ይቀንሳል። የአገራችን የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ለስደተኞች የመሥራትና የመማር መብት ይሰጣል፤ አዋጁ ፍሬ የሚያፈራው ግን አሠሪውም ጎረቤቱም ሲያውቀውና ሲቀበለው ነው።

ደግሞ አንዘንጋ፦ ሶሐቦችን ሐበሻ ምድር ላይ ያስጠጋቸው ነጃሺ ሲቀበላቸው በሃይማኖት አልተገናኙም ነበር። ስለዚህ ወገንተኝነታችን ለሱዳናዊው ሙስሊም ብቻ መሆን የለበትም፤ በአለምዋጭ ላለው ኤርትራዊ ክርስቲያንም፣ ውኃውንና እንጨቱን ለሚያካፍለው የዳባትና የመተማ ገበሬም ጭምር ሊሆን ይገባል። ስለ ስደተኛ ወሬ ሲነሳ «ስንት ገቡ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «ጭነቱ ማን ላይ አረፈ? እኛስ የቱን ጫፍ እናንሳ?» ብለንም እንጠይቅ።

ወሏሁ አዕለም።