ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፤ ከሙግት ዐዋቂነት ወደ ጦር ሚኒስትርነት

ሕግ ያለ ኃይል ሰሚ የለውም፤ ኃይልም ያለ ሕግ ዘረፋ ነው። ሁለቱን አስተባብሮ መያዝ ለማንም ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆኑት በሙግትና በፍርድ ዕውቀት ታውቀው እስከ ጦር ሚኒስትርነት የደረሱት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። ታሪካቸው የሆሳዕናን አገር የሚነካ ስለ ሆነ፥ መምህራን ለልጆች፥ ሽማግሎችም ለጎረቤት ቢያስረዱት ይጠቅማል።

ሀብተ ጊዮርጊስ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በጨቦ አገር ከኦሮሞ ወገን ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ በሸዋ ጦር ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት መጡ። የቀለም ትምህርት ስላልተማሩ ትምህርት ቤታቸው ችሎት ሆነ።

በዚያ ዘመን ሙግት በቃል ነበረ። ባለ ጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው፥ «ተጠየቅ»፥ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይከራከራሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፥ ምስክር ይቈጥራሉ፥ ይወራረዳሉ። በከባድ ነገርም ሊቃውንቱ የፍትሐ ነገሥትን አንቀጽ ለንጉሥ ያነቡ ነበረ። ስለዚህ ሰምቶ በልቡ የሚይዝ፥ ይዞም በስፍራው የሚናገር ሰው ፊደል ባይቈጥር እንኳ ሕግ ዐዋቂ ይባል ነበረ። ሀብተ ጊዮርጊስ በዚህ ዕውቀት ስመ ጥር ሆኑ። ቅጽል ስማቸውም «አባ መላ» ነው፤ ትርጓሜው ብልሃት የማያጣ ማለት ነው።

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ፊታውራሪ ገበየሁ በወደቁ ጊዜ፥ የፊታውራሪነቱ ማዕርግ ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። በ1889 ዓ.ም. ወደ ቦረና ዘምተው ያን አገር ለመንግሥት አስገበሩ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜም የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

የዚያ ዘመን ጦር ሚኒስትር ሥራ ዘመቻ ብቻ አልነበረም። ወታደሩ በአብዛኛው የሚተዳደረው በወር ደመወዝ ሳይሆን በሚሰጠው መሬትና ገባር ነበረ። ስለዚህ ጦሩን የሚያዝ ሰው የመሬትና የገባር ነገርም ይመጣበታል። ፍርድ የማያውቅ ሰው በዚያ ወንበር ሊጸና አይችልም ነበረ።

የሆሳዕና ሰው ሊያስታውሰው የሚገባው ነገር በ1903 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከምባታን ይገዙ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው ነበሩ። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ስፍራ ከተማ ሆኖ ከሆሳዕና በዓል ስሙን ያገኘው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ዐፄ ምኒልክ በደዌ ተይዘው ሳሉ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞቱ። ራስ አባተም በቤተ መንግሥት ያለውን የጦር መሣሪያ ለመያዝ ተነሡ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሐል ሰፋሪን ይዘው ተቃወሙ። ሁለቱም የዐድዋ ሰዎች፥ ሁለቱም ባለ ጦር ነበሩ፤ ቢዋጉ ኖሮ የአዲስ አበባ ሕዝብ ባለቀ ነበረ። ነገር ግን ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ በመካከል ገቡ፤ ነገሩም ያለ ውጊያ በረደ።

ሁል ጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱ ጊዜ፥ መኳንንቱን ያስጨነቀው ቀድሞ የገቡት መሐላ ነበረ። አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቷቸው። ጥቅምት 17 ቀን ግን ነገሩ በሰገሌ ሜዳ በብዙ ደም ተፈጸመ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሸዋ ጦር አዛዦች ዋነኛው ነበሩ፥ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ በጠየቀ ጊዜ እርሳቸው ብቻ በሹመታቸው ቀሩ። በ1919 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሲያርፉ፥ ብዙው ጦራቸውና ርስታቸው ወደ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ።

ታሪክ ሲነገር ምስጋናው ብቻ አይነገርም። በሐዲያና በከምባታ ወታደሩን የመገበው ገበሬው ነው። እህል የጫነ፥ ዱቄት ያስፈጨ፥ አጥር ያጠረ እርሱ ነው። በችሎት ቢከራከርም ቋንቋው የእርሱ አልነበረም፤ ዳኛውም ብዙ ጊዜ ገባሩን የሚገዛው ሰው ራሱ ነበረ። ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው በሰፊ ርስት የከበሩ ስለ ነበሩ ከዚህ ሥርዐት ውጭ አይደሉም። ገባርነት ቀስ በቀስ ቢሻርም፥ የባለ መሬትና የጭሰኛ ነገር ፈጽሞ የቀረው መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መያዝ ይገባል። አንደኛው፥ ተማርኮ የመጣ ልጅ በመስማትና በማስተዋል ለታላቅ ሹመት መድረሱ ነው። ሁለተኛው፥ የአንድ ሰው ሕግ ዐዋቂነት ብቻውን ለድኻው እንደማይበቃ ነው፤ ሕጉ ለሁሉ እኩል መሆን አለበት። የሐዲያና የከምባታ ሽማግሎች በሴራቸው ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም። በመንገድ የተጣሉትን አላፊው «በሕግ አምላክ» ሲላቸው እንደሚቆሙ፥ ጠመንጃ የያዘውም ሰው እንዲሁ ሊቆም ይገባዋል። ልጆች ይህን ከተማሩ አባ መላን በሚገባ ዐወቁ።