«ሞካ» የተባለው ቃል ከየት መጣ?

ከጥንታዊቱ የሐረር ግንብ አምስት በሮች አንዱ የሆነው ኤረር በር ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ ቡርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ሲደርስ በዚሁ በር እንደ ገባ ይነገራል። የሐረር ቡናም በግመል እየተጫነ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር። ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ግን በሐረር ስም የሚጠራው ገዢ ጥቂት ነበር፤ «ሞካ» ይሉት ነበር።

ሞካ፣ ዐረቦች «አል ሙኻ» የሚሏት፣ በቀይ ባሕር ዳር ያለች የየመን ወደብ ናት። በ17ኛው መቶ ዓመት የቡና ንግድ ዋና በር ስለ ነበረች፣ የአውሮፓ ነጋዴዎች ከእርሷ የተጫነውን ቡና ሁሉ በወደቡ ስም ጠሩት። ገዢው የሚያውቀው መርከቡ የተነሣበትን ሥፍራ እንጂ ተክሉ የበቀለበትን ተራራ አልነበረምና ነገሩ አያስደንቅም። የሐረርም የየመንም ቡና ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቅ፣ ጣዕሙም የሚቀራረብ በመሆኑ ስሙ በቀላሉ ተላለፈ።

የሚያስገርመው ወደቢቱ ከደከመች በኋላ ቃሉ መኖሩ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን ከያዙ ወዲህ ንግዱ ወደዚያ ዞረ፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በ1880 ሐረር የመጣው ለአንድ የዓደን ንግድ ቤት ሊሠራ ነበር። በ1902 የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ቡናው በጂቡቲ በኩል መውጣት ጀመረ። እንዲህም ሆኖ ረጅሙ የሐረር ፍሬ በውጭ ገበያ «ሞካ ሎንግቤሪ» መባሉ አልቀረም። ሞካን ሳይረግጥ የሞካ ስም ተሸከመ ማለት ነው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ከዚያም አልፎ ሄዷል። ዛሬ በቡና ቤት «ሞካ» ብሎ የሚያዝ ሰው የሚቀርብለት ቸኮላት የገባበት ቡና ነው፤ ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ደግሞ ለእጅ ጓንት የሚሆን ለስላሳ የበግ ቆዳ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ማመልከቻ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ስምምነት ተደረገ። ከውጭ «ሞካ» የሚል የግዢ ደብዳቤ የደረሰው ላኪ እንግዲህ፣ ዋጋ ከመስጠቱ አስቀድሞ፣ ገዢው የሚሻው የየመንን ቡና ይሁን የሐረርን፣ ወይስ ቆዳውን፣ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ በደረሰኙም ላይ «ሐረር» ብሎ ይጻፍ።