የተማሪው ጭንቀትና የአመጋገብ ልማዱ
(ከሬዲዮ ዝግጅታችን የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የዛሬው ርዕሳችን በየዩኒቨርሲቲው የሚገኙ ወንድምና እህቶቻችንን ይመለከታል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኢ.አ. በ1999 ነቀምቴ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶቹም ጭምር፣ ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣቶችን ሲያስተምር ቆይቷል። ከወላጁ የራቀን ወጣት የሚያስጨንቀው ፈተና ብቻ አይደለም። በ2012 በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ የቤተሰብን ድምፅ መስማት እንኳ አዳጋች ነበር።

ጭንቀት ቶሎ ከሚያናጋቸው ነገሮች አንዱ አመጋገብ ነው። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ያኔ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ጭንቀቱ ሲሰነብት ደግሞ ኮርቲሶል ይበዛና ጣፋጭና ቅባት ያለው ነገር ያሰኛል። ስለዚህ አንዱ ምሳውን ትቶ በቡና ይውላል፤ ሌላው በብስኩትና በለስላሳ ሆዱን ይሞላል። ጫት የሚቅምም አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ረሃብንና እንቅልፍን ያስረሳል እንጂ ምግብና ዕረፍትን አይተካም። አእምሮ በዋነኛነት የሚሠራው ከምግብ በሚገኝ ግሉኮስ ነውና፣ ሳይበሉ ማጥናት ትርፉ ድካም ነው።

«ፈተና ደርሷል፣ መብያ ጊዜ የለኝም» ለሚል ተማሪ አንድ ነገር እናስታውሰው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ እራት ቀርቦ ሳለ ኢቃም ቢደረግ በእራቱ እንዲጀመር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ዑለሞች እንዳብራሩት፣ ይህ የሆነው ልብ በምግብ ተጠምዶ ኹሹዕ እንዳይጎድል ነው። ለሶላት እንኳ ይህ ከታሰበ፣ ለፈተና ብሎ ሰውነትን ማስራብ ምን ይባላል? ከጭንቀት የተነሳ ያለ ልክ ለሚበላውም፣ ከሆድ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲተው ተመክሯል።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዘን የገባበት ቤት ሲኖር ተልቢና እንዲሠራ ያዙ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የታማሚን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘን እንደሚያቀል ተናግረዋልና። ተልቢና በተለይ ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ሙቅ ሲሆን፣ ከእኛው የገብስ አጥሚት ጋር ይቀራረባል። ለተማሪ ኪስም የሚከብድ አይደለም።

እንግዲህ ካፌ የምትመገቡ የምግብ ሰዓት አታሳልፉ። ነን ካፌ የሆናችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተመገቡ፤ የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል፤ ብቸኝነትንም ያስረሳል። ቡና በባዶ ሆድና በምሽት ይቅርባችሁ። ወላጆችም ስትደውሉ «ውጤትህ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በልተሃል ወይ?» በሉ። ጓደኛችሁ ለሳምንታት ምግብና እንቅልፍ እምቢ ካለው ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ሕክምና መሻት የኢማን ድክመት አይደለም።

አላህ ለተማሪዎቻችን ጤናና ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።