ሣርም እርሻ ይፈልጋል

የጎጃም ገበሬ ለጤፍ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ያርሳል። ለሣር ሞፈር ሲያነሳ ግን እምብዛም አይታይም፤ ሣር ዝናብ ሲመጣ በወል ሜዳ ላይ በራሱ የሚበቅል ሆኖ ኖሯልና። የይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአዴት ዙሪያ ያ ሜዳ ጠቧል። ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉ ባሕር ዛፍ ወጥቶበታል፣ የተረፈው ከአቅሙ በላይ ይጋጣል። በበጋ ከብቱን የሚያቆየው ጭድና የበቆሎ አገዳ ነው። እነዚህ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ወተት አይሰጡም። ስለዚህ ሣርን እንደ ማንኛውም ሰብል አርሶ፣ ዘርቶና አርሞ ማልማት ግድ ሆኗል።

ማሳ ላይ ከሚዘሩት ሣሮች አንዱ ሮደስ ነው። ዘሩ ደቃቅና ቀላል ነው፤ ጸጉራም በመሆኑም እርስ በርሱ ይያያዛል። የሚፈልገው መሬት ጤፍ የሚፈልገውን ዓይነት ነው፦ ጓሉ የደቀቀ፣ አረሙ አስቀድሞ የጠፋ፣ ላዩ የተጠቀጠቀ። ለጤፍ ከብት አስገብቶ ማሳውን የሚያስረግጥ ገበሬ ይህን ሥራ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ለሄክታር 10 ኪሎ ግራም ያህል ዘር ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይበተናል፤ ከዚያ ቅርንጫፍ ቢጎተትበት ይበቃዋል። በማረሻ ከተገለበጠ ጠልቆ ይቀበርና ሳይወጣ ይቀራል። ሰሞኑን የታጨደ ዘርም ጥቂት ወራት ካልቆየ በደንብ አይበቅልም። ቡቃያው ሲወጣ ሙጃ ይቀድመዋል፤ በመጀመሪያው ክረምት ያልታረመ ሮደስ ጠፋ ማለት ነው። አንዴ ከያዘ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር ይሰዳል፣ ባዶውን ቦታ ራሱ ይሸፍናል፣ ለዓመታትም ይታጨዳል።

ማሳ ለመልቀቅ ለማይችል ሰው ደሾ አለለት። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋ የአገራችን ሣር ነው። ዘር አይፈልግም፤ ከቆየ ጉንድ ላይ ከነሥሩ ተገንጥሎ ክረምት ሲገባ በእርከን ላይ ይተከላል። አፈሩን ይይዛል፣ በዚያው መኖ ይሆናል። ለእኔ ለአዴት ተዳፋት ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም፤ ከጤፉም ከበቆሎውም መሬት አይሻማምና። የዝሆን ሣር ደግሞ ለጓሮ ነው። ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ ዘንበል ተደርጎ ይተከላል። ፍግ ይወዳል፣ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ግን ይጠላል።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም የበቆሎ አገር በመሆናቸው ሌላም መንገድ አለ፤ በቆሎው ከተኮተኮተ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ላብላብ ወይም ቬች የተባሉትን የመኖ ጥራጥሬዎች መዝራት። በቆሎው ሲሰበሰብ ከአገዳው ጋር ፕሮቲን ያለው መኖ ይገኛል። አልፋልፋን ያሰበ ሰው ግን አስቀድሞ አፈሩን ያስመርምር። በምዕራብ ጎጃም ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ሳይጨመርበት አልፋልፋ አይሆንለትም።

ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት ማረስ አያስፈልግም። እዚያ ማገጥ የተባለው የመኖ ተክል በራሱ ይበቅላል፤ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩንም ሣሩንም ያደልባል። የኢትዮጵያ ደጋ የብዙ ማገጥ ዝርያዎች መገኛ ነው። አበባው ዘር እስኪጥል ድረስ ሜዳውን ከከብት መከልከል ብቻ ያበዛዋል፤ በሳሳው ቦታ ላይ ዘሩን መበተንም ይቻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ክልከላው ነው። መኸር ሲነሳ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ አዲስ የተተከለ ሣር በዚያን ጊዜ ከነሥሩ ይነቀላል። አንድ ሰው ብቻውን አጥሮ ጓሮውን ያድናል፣ የወሉን ሜዳ ግን አያድንም። ለዚያ የቀበሌው ሰው ተሰብስቦ መዝጊያና መክፈቻ ጊዜ ሊወስን፣ ጠባቂ ሊያቆም፣ ሣሩም ታጭዶ ለሁሉም የሚከፋፈልበትን ደንብ ሊያወጣ ይገባል። ይህ ሳይሆን ዘር ማደል ዘር ማባከን ነው።

ምክር የሚጠየቅበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በባሕር ዳር ዙሪያም በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይገኛል። እርከን ያላችሁ የአካባቢው ገበሬዎች፣ ሰኔ ሳይገባ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ የደሾ ግንጣይ ጠይቁ። በአንድ እርከን ጀምሩ፤ ለሚቀጥለው ክረምት ግንጣዩን ከራሳችሁ ማሳ ታገኛላችሁ።