ስለ አሮጌ ትራክተርና ስለ ቤንዚን መታገድ

«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» የተባለው ለችሎት ብቻ አይደለም፤ ለእርሻ መኪናም ይሆናል። መሬቱ ለስልሶ የዘር ጊዜ ሲደርስ ትራክተሩ በማሳ መካከል ቢቆም፥ ብዙ ሰው ሥሩን ሳይመረምር ሞተሩን ያስፈታል፤ ወይም የማያስፈልግ ዕቃ ለመግዛት ወደ ከተማ ይልካል። ዕቃው እስኪመጣ ዝናቡ አይጠብቅም። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቤንዚኑ መንገድ መታገድ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ለምሳሌ ፈርጉሰን ቲ ኢ 20 የተባለው ትራክተር በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ የተሠራ ነው፤ ቍጥሩም ከ500,000 በላይ ሲሆን፥ ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ አሉ። በቤንዚን የሚሠራው ዓይነት ቤንዚን የሚገፋ ፓምፕ የለውም፤ ማጠራቀሚያው ከሞተሩ በላይ ስለ ሆነ ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ወደ ካርቡራቶር ይወርዳል። ስለዚህ ምርመራውም ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይሄዳል።

ምልክቱ ይህ ነው፤ ሞተሩ ያለ ሸክም ደኅና ይዞራል፥ ማረሻው መሬት ሲይዝ ግን እየተቈራረጠ ይደክማል። የአየር መዝጊያው ጥቂት ሲሳብ ከበረታ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ይብረድ፤ እሳትና ሲጋራም ይራቅ።

መጀመሪያ፥ ቤንዚን መኖሩና መክፈቻው መከፈቱ ይታይ።

ሁለተኛ፥ በክዳኑ ያለችው የአየር ቀዳዳ ትመርመር። በአፈር ከተደፈነች አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ የሚቆም፥ ክዳኑ ሲላላ ደግሞ የሚነሣ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሦስተኛ፥ መክፈቻው ተዘግቶ ከበታቹ ያለው የዝቃጭ ብርጭቆ ይውረድ፤ ውሃና ዝገት ከተገኘበት ብርጭቆውና ወንፊቱ ይታጠቡ።

አራተኛ፥ ቧንቧው በካርቡራቶሩ በኩል ተፈትቶ በንጹሕ ቆርቆሮ ላይ መክፈቻው ይከፈት። ቤንዚኑ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ጥፋቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ነው፤ ከተንጠባጠበ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ይገባል። የካርቡራቶሩ ጠባብ ቀዳዳዎች በአየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይጐርጐሩ፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና።

ይሁን እንጂ የብዙው ቆሻሻ ምንጭ በርሜሉ ነው። በርሜሉ ዝናብ እንዳይገባበት ይከደን፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ዝቃጩ እስኪወርድ ይቆይ፤ ቤንዚኑም በደቃቅ ወንፊት ተጠልሎ ይቀዳ። ነጂው ይህን የሚሠራበት ጊዜና ወንፊት ሳይሰጠው መኪናው በቆመ ጊዜ ቢወቀስ፥ ጥፋቱ የነጂው ሳይሆን የአዛዡ ነው።